የትእዛዝ መስመርን ለጀማሪ ተመራማሪዎች በአማርኛ መረጃ ማስተማር፦ የፎገራ ቀበሌ ስሞች እንደ ማሳያ

ሊኑክስን ለጀማሪ የሚያስተምሩ መጻሕፍትና የሥልጠና ሰነዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከአንድ ቦታ ነው። ተማሪው ተርሚናሉን ይከፍታል፤ ያለበትን ማውጫ ይጠይቃል፤ የፋይሎቹን ዝርዝር ያያል፤ ከዚያም በእንግሊዝኛ የተጻፈ አጭር ፋይል ፈጥሮ ይገለብጣል፣ ስሙን ይለውጣል፣ ይሰርዛል። ይህ ቅደም ተከተል ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ተማሪው ሥልጠናውን ጨርሶ ወደ ራሱ መረጃ ሲመለስ የሚጠብቀው ፋይል በእንግሊዝኛ የተጻፈ አይደለም። በመልመጃው ላይ ያለ እንከን የሠሩት ትእዛዞች በአማርኛው ፋይል ላይ ሌላ ጠባይ ያሳያሉ፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የስሕተት መልእክት ሳይሰጡ መሳሳታቸው ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ከዚህ ይነሣል፦ ለኢትዮጵያዊ ጀማሪ ተመራማሪ የትእዛዝ መስመር ትምህርት ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በአማርኛ መረጃ ላይ ሊቆም ይገባዋል። ምክንያቱ የቋንቋ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ መሣሪያዎቹ በእውነት ምን እንደሚሠሩ የሚታየው በአማርኛው ላይ በመሆኑ ነው።

ማሳያው ከፎገራ የተወሰደ ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠልባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ሜዳ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሐይቅ ሲወርዱ የሚያጥለቀልቁት መሬት፣ በአገሪቱ በሩዝ አምራችነቱ ቀድሞ የሚጠራ ነው። የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው እዚሁ ነው። በዚህም የተነሣ ሜዳው የግብርና፣ የውኃ ሀብትና የምጣኔ ሀብት ተመራቂ ተማሪዎች መጠይቅ ይዘው የሚመላለሱበት አካባቢ ሆኗል። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ቢዘጋጅም እንኳ የአባወራው ስም፣ ቀበሌውና ጎጡ ብዙውን ጊዜ የሚሞሉት በአማርኛ ነው። ከፎገራ ቀበሌዎች አንዷ ቅድስት ሐና ትባላለች። ቀጥሎ የሚቀርበው ትምህርት ባብዛኛው በዚህች ስም ላይ ያተኩራል።

የመጀመሪያው ሰዓት

መምህሩ ለክፍሉ የሚያቀርበው ፋይል በኮማ የተከፈሉ ዓምዶች ያሉት ተራ የጽሑፍ ፋይል ይሁን፤ ቁጥር፣ ስም፣ ቀበሌ፣ ዞን፣ መጠይቁ የተሞላበት ወር፣ የሩዝ ማሳ ስፋት። ለመልመጃ የተፈጠረ እንጂ የእውነተኛ ሰዎች መዝገብ መሆን የለበትም። ተማሪው በመጀመሪያ ፋይሉን በ«ካት» ያያል። ቀጥሎ የቀበሌውን ዓምድ ብቻ በ«ከት» ይቆርጣል፤ ውጤቱን በፓይፕ ወደ «ሶርት»፣ ከዚያም ወደ «ዩኒክ» አሳልፎ ያስቆጥራል። በመልመጃው ፋይል ላይ ከሚወጡት መስመሮች የሚከተሉት አራቱ ለትምህርቱ በቂ ናቸው።

14 ቅድስት ሀና
9 ቅድስት ሃና
31 ቅድስት ሐና
6 ቅድስት ኃና

ለዐይን አንድ ቀበሌ ነው፤ ለኮምፒውተሩ አራት። «ቅድስት ሐና» ብሎ በ«ግሬፕ» የፈለገ ተማሪ 31 ቤተሰብ ያገኛል፤ የቀሩት 29 ከናሙናው ይወድቃሉ። ማንም አልሰረዛቸውም፣ የትኛውም ትእዛዝ አልተበላሸም፤ መረጃ ሰብሳቢዎቹ እያንዳንዳቸው በለመዱት ፊደል ጽፈዋል፣ ያ ብቻ ነው። አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የቀበሌዎችን አማካይ ምርት የሚያወዳድር ከሆነ ግማሽ ያህሉ መረጃ በአንድ ፊደል ምክንያት ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል። ስሙ ረዘም ሲል ነገሩ ይብሳል። «ዓለምፀሐይ» የሚለውን ስም ድምፁን ሳይለቁ ለመጻፍ ለመጀመሪያው ፊደል አራት (አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ)፣ ለ«ፀ» ሁለት፣ ለ«ሐ» ስድስት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) አማራጮች አሉ፤ በጠቅላላው 48 ዐይነት አጻጻፍ።

በዚህ መልመጃ ተማሪው አራት ትእዛዞችንና የፓይፕን አሠራር በአንድ ጊዜ ያገኛል፤ ከዚህም በላይ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ስለ ራሱ መረጃ ቀድሞ የማያውቀውን ነገር ያውቃል። ፓይፕ እ.ኤ.አ. በ1973 በዳግ ማክልሮይ ሐሳብና በኬን ቶምፕሰን እጅ ወደ ዩኒክስ የገባ ዘዴ ነው፤ ፍሬ ነገሩም የአንዱ ትእዛዝ ውጤት ለሌላው ግብዓት እንዲሆን ማድረግ ነው። ይህን በቃል ማስረዳት ረጅም ሰዓት ይፈጃል። ቅድስት ሐና አራት ቦታ ተከፍላ ስትወጣ ግን ተማሪው ራሱ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ስለ ቁልፍ ሰሌዳ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። በድምፅ ተመሳሳይነት የሚሠራ የአማርኛ መጻፊያ የከፈተ ተማሪ የፋይል ዝርዝር ለማየት «ኤልኤስ» ብሎ ሲጽፍ ተርሚናሉ ላይ የሚታየው «ልስ» ነው፤ መልሱም «ልስ፦ ትእዛዙ አልተገኘም» ይሆናል። ልምድ ያለው ሰው ይስቃል፤ ጀማሪው ግን ኮምፒውተሩን ያበላሸ ይመስለዋል። መምህሩ ይህን ስሕተት ራሱ አስቀድሞ በክፍሉ ፊት ቢሠራው ይመረጣል። የተርሚናሉ ፎንት የግዕዝ ፊደላትን አጥብቦ ወይም አደራርቦ ሊያሳይ እንደሚችልም እዚያው ይነገር፤ መደራረቡ የመታየት ጉዳይ እንጂ የፋይሉ ጉዳት አይደለም።

አንድ ፊደል፣ ሦስት ባይት

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ተማሪው አራቱን አጻጻፎች ወደ አንድ ለማምጣት በሚያደርገው ሙከራ ይጀምራል። በማስተማሪያ መጻሕፍት ፊደልን በፊደል ለመተካት ቀድሞ የሚጠቀሰው ትእዛዝ «ቲአር» ነው፤ ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል ወደ ትልቁ ለመለወጥ የማያሳየው መጽሐፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ተማሪው «ሐ»ን በ«ሀ» ተካ ብሎ ያዝዛል። ትእዛዙ ያለ ምንም መልእክት ይጠናቀቃል። የቀበሌው ዓምድ ሲታይ «ቅድስት ሐና» የነበረው ሁሉ «ቅድስት ሀና» ሆኗል። በዩኒክስ ልማድ ዝምታ የተሳካ ሥራ ምልክት እንደሆነ ቀደም ብሎ ተነግሮታልና ተማሪው ሥራው እንዳለቀ ያምናል።

መምህሩ በዚህ ጊዜ ሌሎቹን ዓምዶች እንዲያይ ይጠይቀው። በወር ዓምድ «ነሐሴ» የነበረው «ኀሀሴ» ሆኗል። በዞን ዓምድ «ደቡብ ጐንደር» ተብሎ የተጻፈው «ደቡብ ጀንደር» ሆኗል። «ሐ» ወደ «ሀ» መለወጡ የታዘዘ ነው፤ «ነ»ን ወደ «ኀ»፣ «ጐ»ን ወደ «ጀ» እንዲለውጥ ግን ማንም አላዘዘም።

ምክንያቱን ለማስረዳት የዩቲኤፍ-8ን አሠራር መግለጥ የግድ ነው። የግዕዝ ፊደላት ወደ ዩኒኮድ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛው ዕትም ሲሆን ዋናው ሠንጠረዥ በሀለሐመ ቅደም ተከተል፣ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ስምንት ቦታ እየተመደበለት የተደረደረ ነው። «ሀ» በሠንጠረዡ መጀመሪያ ናት፤ «ለ» ከእርሷ 8 ቦታ፣ «ሐ» 16 ቦታ ትርቃለች። ዩቲኤፍ-8 (ይህንንም ያዘጋጁት ያው ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1992) የእንግሊዝኛውን ፊደል በ1 ባይት፣ የግዕዙን ፊደል በ3 ባይት ያስቀምጣል። «ሀ» 225፣ 136፣ 128 ናት፤ «ሐ» 225፣ 136፣ 144። በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሥርጭቶች የሚገኘው የጂኤንዩ «ቲአር» ደግሞ ፊደልን አያውቅም፤ የሚተካው ባይትን በባይት ነው። ስለዚህ ትእዛዙን የተረዳው «225ን በ225፣ 136ን በ136፣ 144ን በ128 ተካ» ብሎ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምንም አይለውጡም። ሦስተኛው ግን በፋይሉ ውስጥ ያለውን 144 ሁሉ ይለውጣል።

በዋናው ሠንጠረዥ 144 የሚል ባይት ያላቸው ፊደላት ስድስት ናቸው፦ ሐ፣ ቐ፣ ነ፣ ዐ፣ ጐ እና ፐ። እነርሱም በቅደም ተከተል ሀ፣ ቀ፣ ኀ፣ ዀ፣ ጀ እና ፀ ይሆናሉ። «ነ» በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ምን ያህል ጊዜ እንደሚመላለስ ለሚያውቅ አንባቢ የጉዳቱ ስፋት ግልጽ ነው። ጉዳቱ ወደ ኋላም አይመለስም፤ ከ«ነ» የመጣው «ኀ» ከቀድሞው እውነተኛ «ኀ» ጋር አንድ ስለሆነ የትኛው ምን እንደነበር የሚነግር ምልክት በፋይሉ ውስጥ አይቀርም።

ይህ ምሳሌ ለመምህሩ ከሁሉ የሚጠቅመው ልማዳዊው ማረጋገጫ የማይሠራበት በመሆኑ ነው። ጥንቁቅ ተማሪ ከለውጡ በፊትና በኋላ የፋይሉን መስመር፣ ቃልና ባይት በ«ደብሊውሲ» ይቆጥራል። ሦስቱም ቁጥሮች እኩል ይመጣሉ፤ ሦስት ባይት በሦስት ባይት ነውና የተተካው። ጥፋቱን የሚያጋልጠው የድሮውንና የአዲሱን ፋይል መስመር በመስመር የሚያነጻጽረው «ዲፍ» ብቻ ነው። ተማሪው ከዚህ የሚያተርፈው ልማድ ከ«ቲአር» ጉዳይ የሰፋ ነው፤ ቁጥር ስለ ተስማማ መረጃው ደኅና ነው ብሎ አለማመንን ይማራል።

ትክክለኛው መሣሪያ «ሴድ» ነው። ተለዋዋጮቹን ፊደላት በባለማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ዘርዝሮ በ«ሀ» እንዲተካ የታዘዘ «ሴድ»፣ የቋንቋ ቅንብሩ ዩቲኤፍ-8 እስከሆነ ድረስ፣ ፊደልን እንደ ፊደል ይቆጥራል። «ቅድስት ሐና» የሚለውን ጽሑፍ በ«ኤኮ» ወደ «ደብሊውሲ» አስተላልፎ መቁጠርም ጥሩ የአምስት ደቂቃ መልመጃ ነው፦ በባይት 20፣ በፊደል 8። ስድስት ፊደል በሦስት ሲባዛ 18፣ አንድ ክፍት ቦታ፣ አንድ የመስመር መጨረሻ። ተማሪዎች ይህን በወረቀት አስልተው ከተርሚናሉ ጋር ሲያስተያዩ ባይት የሚለው ቃል የመዝገበ ቃላት ፍቺ መሆኑ ቀርቶ የሚቆጠር ነገር ይሆናል። በእንግሊዝኛ ፋይል ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ስለሚወጡ ልዩነቱን ማሳየት አይቻልም።

ባዶ ውጤትና ባዶ ፋይል

«የቋንቋ ቅንብሩ ዩቲኤፍ-8 እስከሆነ ድረስ» የሚለው ሐረግ ራሱን የቻለ ትምህርት ይፈልጋል። ተማሪው በራሱ ላፕቶፕ ላይ የሠራውን ትእዛዝ ወደ ሰርቨር ወስዶ ሲያሠራ፣ በተለይ ተከላው አነስተኛ በሆነበት፣ ቅንብሩ «ሲ» ተብሎ የሚጠራው መነሻ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቅንብር ባለማዕዘኑ ቅንፍ አንድ ባይት ብቻ ይወክላል። ቅድስት ሐናን በስድስቱም አጻጻፍ እንዲፈልግ የተዘጋጀው «ግሬፕ» ትናንት 60 ብሎ የመለሰውን ዛሬ 0 ይላል። ትእዛዙ አንድ ነው፣ ፋይሉ አንድ ነው። ዜሮ ደግሞ አደገኛ መልስ ነው፤ ስሕተት አይመስልም፣ «ከዚህ ቀበሌ የተመዘገበ የለም» የሚል ግኝት ይመስላል። «ኦክ» የሚባለውም ትእዛዝ እንደ ዐይነቱ ይለያያል፦ «ጋውክ» በዩቲኤፍ-8 ቅንብር ወረታን 3 ፊደል ሲላት በአንዳንድ ሥርጭቶች በመነሻነት የሚመጣው «ማውክ» 9 ይላታል። በየትኛውም ሥራ መጀመሪያ «ሎኬል» የሚለውን ትእዛዝ ማሠራትና ውጤቱን በማስታወሻ መያዝ የመስክ ተመራማሪ ሚዛኑን ከመጠቀሙ በፊት ዜሮ ላይ መሆኑን እንደሚያረጋግጠው ያለ ልማድ ሊሆን ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው አደጋ ከአማርኛ ጋር የተያያዘ ባይሆንም አማርኛውን በማስተካከል ሥራ ላይ ዘወትር የሚያጋጥም ነው። ተማሪው ፋይሉን በ«ሴድ» አስተካክሎ ውጤቱን በ«ይበልጣል» ምልክት ወደዚያው ፋይል መልሶ ለመጻፍ ያዝዛል። ውጤቱ ባዶ ፋይል ነው። ትእዛዙን የሚቀበለው ሼል ሥራውን የሚጀምረው የሚጻፍበትን ፋይል በመክፈትና ባዶ በማድረግ ስለሆነ «ሴድ» ሲነሣ የሚያነበው ነገር አያገኝም። አንድ የክረምት የመስክ ሥራ በአንድ መስመር ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው፤ ተርሚናሉ ደግሞ የተሰረዘ የሚሰበሰብበት ቅርጫት የለውም። ይህን በቃል ማስጠንቀቅ አይበቃም። ተማሪው የመልመጃውን ፋይል ቅጂ በገዛ እጁ እንዲያጠፋው ማድረግ፣ ዋናውን ፋይል ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዳይጻፍበት ፈቃዱን መዝጋት ይሻላል። የፋይል ፈቃድ ትምህርት፣ በመጻሕፍቱ ውስጥ ብዙውን ጊዜ እንደ ደረቅ የቁጥር ሠንጠረዥ የሚቀርበው፣ በዚህ ቦታ ሲመጣ ምክንያት ያገኛል።

ስለ ሰዓትም እግረ መንገድ ቢነሣ መልካም ነው። የመረጃ ቅጂ በየቀኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንዲሠራ በ«ክሮን» ላይ 2 ብሎ የጻፈ ሰው ኮምፒውተሩን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያስነሣዋል፤ መብራት ከሌለም ወይም ማሽኑ ከተዘጋ ምንም ቅጂ አይኖርም።

እነዚህ ሁሉ ጀማሪውን ከማሽኑ ጋር ብቻውን መተው ይበቃል የሚለውን አስተያየት እንደገና ለማየት ያስገድዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ ያለ መምህር ለሕፃናት የተሰጡት ታብሌቶች በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳሉ። ታብሌቶቹ የሊኑክስን ከርነል በሚጠቀመው አንድሮይድ የሚሠሩ ነበሩ፤ ያቀረባቸው ድርጅት ልጆቹ በጥቂት ወራት ውስጥ የተዘጋባቸውን ቅንብር እስከ መለወጥ እንደደረሱ አስታውቋል። በዚያ ዐይነቱ ሥራ ማሽኑ ራሱ ይመልሳል፤ የተነካው አዶ ይከፈታል ወይም አይከፈትም። ነሐሴን ኀሀሴ የሚያደርግ ትእዛዝ ግን ለነካው ሰው ምንም አይመልስም። የመምህሩ ቦታ እዚህ ነው፤ ትእዛዝ ማስታወስን ማሽኑና መጽሐፉ ያስተምራሉ፣ ዝምታን መጠርጠር የሚማሩት ግን ከሰው ነው።

ማስተካከል እስከ የት

ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ማምጣት በአማርኛ የኮምፒውተር ጥናት የተለመደ እርምጃ ነው፤ ሆኖም ለጀማሪ እንደ ጽዳት ሥራ ብቻ መቅረቡ ትክክል አይመስልም። «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ የሰው ገንዘብ ወሰደ ነው። «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥል ሲሆን «ሰአሊ» ለምኚ ማለት ነው። ልዩነቱን አንድ ጊዜ ያጠፋ ፋይል መልሶ አያስገኘውም። ስለዚህ ለቆጠራ የተስተካከለው ዓምድ ከዋናው አጠገብ የሚጨመር አዲስ ዓምድ ሊሆን ይገባል፤ ሰው የጻፈው እንደ ተጻፈ ይቆያል። ፋይሉ ከቪዥዋል ግዕዝና ከመሰሎቹ ቀደምት ሶፍትዌሮች የመጣ ከሆነ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። በዚያ ዐይነት ፋይል ውስጥ በአማርኛ መልክ የሚታየው ጽሑፍ በውስጡ የሌላ ፊደል ኮድ ስለሆነ በዩኒኮድ የተጻፈ «ሐና» ለዘላለም ቢፈለግ አይገኝም።

የቅንፉ ዘዴም ወሰን አለው። በጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለው ፍል ውኃ በአንዱ ጽሑፍ «ወንዛዬ»፣ በሌላው «ዋንዛዬ» ተብሎ ይጻፋል። «ወ» እና «ዋ» ሞክሼዎች አይደሉም፤ ድምፃቸው ይለያያል። በቅንፍ ውስጥ አብረው ቢገቡ ለዚህ ስም ይሠራል፣ ነገር ግን ያው ሕግ በጠቅላላው ፋይል ላይ ከተጫነ «ወረደ»ን ከ«ዋረደ» ይቀላቅላል። «ፍል ውኃ» ራሱ «ውሃ»፣ «ውሀ» እየተባለ መጻፉ ሲጨመርበት ተማሪው የትኛው ልዩነት በሕግ፣ የትኛው ደግሞ ስም በስም እየታየ እንደሚፈታ መለየት ይኖርበታል። ለሁለተኛው ዐይነት የሚጠቅመው ረጅም ትእዛዝ አይደለም፤ ሁለት ዓምድ ያለው ሌላ ፋይል ነው፦ በግራ በመጠይቁ ላይ የተገኘው አጻጻፍ፣ በቀኝ የተመረጠው። «ወንዛዬ»ና «ዋንዛዬ» አንድ ቦታ መሆናቸውን የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ስለሆነ ፋይሉ ከመረጃ ሰብሳቢዎቹ ጋር ተቀምጦ ይሞላል፤ ማን እንደሞላውና መቼ እንደተሞላ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፋል፤ ከዋናው መረጃ ጋርም በአንድ ማውጫ ውስጥ ይቀመጣል።